አሥራ ሦስተኛው ቼክ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ሉዊዚያና ውስጥ፣ ከረግረጉ በላይ፣
የጡረታ ቦርዱ ዘጠኝ ሆኖ ተሰይሟል፤
ማራገቢያው ታሟል።

የስሌቷ ሴት፣ ወይዘሪት ቫሱዳ፣ ግራፏን ዘርግታ፣ ብዕሯን አንሥታ፣
«ገበያው ዘንድሮ ከገመትነው በላይ ሁለት እጅ አፍርቷል» አለች በዝግታ፤
«ትርፉ ግን ትርፍ አይደለም፤
የክፉ ቀን ስንቅ ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ መጥቶ እንጂ ቀርቶ አያውቅም።»

(የእኛዋ ጳጉሜ ቀን እንጂ ደመወዝ የላት፤
የእነሱ አሥራ ሦስተኛ ደመወዝ ብቻ ናት፣ ቀን የሌላት።
የእኛዋ ሳትለመን ከች ትላለች፤
የእነሱዋ ሐሳብ አቅራቢ፣ ደጋፊ፣ የእጅ ብልጫ ትሻለች።)

ሦስት ደቂቃ ለሕዝብ። ኦዴት ብሩሳርድ ተነሣች፣
ለሽሪምፕ ጀልባዎች ሠላሳ አንድ ዓመት ድልድይ ያነሣች።
«ይህ የመድኃኒት ነው፤ ይህ ደግሞ የመብራት፤
ጡረታዬ ግን ከወጣሁ ወዲህ የቆመ ሰዓት።
ያውላችሁ ከኋላ ኦርቪል፣
ከእሳት ሰው ያወጣ፤ ዛሬ ኪኒን ለሁለት ይሰብራል፣ ቀኑ የሚረዝም ይመስል።
ሀብት አልለመንን፤ አንዲት ቼክ፤ እሷም የዓመት እንግዳ ናት…»
ደወሉ ጮኸ። አላስጨረሳት።

አራት ለአራት ሆነ። የቀረው ቴሬል ነው፣
እሳት አጥፊው ወጣት፣ ለጡረታው ገና ሃያ ሰባት ዓመት የቀረው፤
ጎተራውን በዓይኑ ለካው፣
ነገ በተራዬ ስመጣ ምን ይተርፋል ብሎ ፈራው፤
እጁን ግን አነሣው።

ሰብሳቢው ፎንተኖ መዶሻውን መታ፤
«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር፤ ለዘንድሮ እንጂ ለከርሞ የለብንም ግዴታ፤
ከአዲሱ ሺህ ዓመት በፊት ጡረታ ለወጡ።»
ጭብጨባ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ከወንበር ወንበር እየተደገፉ፣ እንደ ልጅ ተራወጡ።

የኦዴት ጡረታ መባቻውን አልፎታል፣ በዘጠኝ ቀን።
ያኔ ተተኪዋ ታሞባት፣ «ድልድዩን ለማን ትቼ?» ብላ የጨመረችው ዘጠኝ ቀን።

ቃለ ጉባኤው ይህን አይጽፍም።
እሷም አልተናገረችም።
ደረሰኞቿን እንደ መሐረብ አጥፋ ቦርሳዋን ዘጋች፤
ኦርቪልን ክንዱን ይዛ ደረጃውን አወረደች።
መኪና ውስጥ፣ «ኪኒንህን ዛሬ ሙሉውን ዋጥ» አለችው፤
ሳቀ። ምን እንዳጣች አላወቀው።

ድልድዩ ጋ ቀይ መብራት በራ፤ ጀልባ ሊያልፍ ነው።
ሞተር አጥፍታ፣ መስኮት ዝቅ አድርጋ፣ ብረቱ ሲነሣ አዳመጠችው፤
እንደ ታማሚ ሲያቃስት ሰማችው።
«በግራ በኩል» አለች፣
«ቅባት አንሶታል።»