መቅዘፊያው

ከቱርፋን ወደ ደቡብ፣ ወይኑ ካለቀበት፣
አስፋልቱ ተሰነጣጥቆ አቧራ ከሆነበት፣
ያነክስ ጀመር መኪናው፣ ቁልቁል፣ እንደ ሽማግሌ።
ነጂው ሳውር ዝም አለ፤ እኔም ጠፋኝ ቃሌ።
በስልኬ መስታወት ላይ ቁጥሩ ግን አላረፈም፤
ዜሮ ላይ ሲደርስ እንኳ ቆም ብሎ አልተነፈሰም፤
ዘለቀ ከዜሮ በታች፣
እንደ ባለዕዳ ደብተር ወደ ታች፣ ወደ ታች።

መቶ ሃምሳ አራት ሜትር።
ይህ ነው የቆምኩበት።
ባሕር ቢገባ ኖሮ አንድ ቀን መንገድ ስቶ፣
ዓሣው ባለፈ ነበር በአናቴ ላይ ዋኝቶ፤
የመርከብ ሆድ እንደ ደመና ባጠላ በላዬ።
እኔ ግን ላቤን እጠርጋለሁ፤
አሸዋ ሆኗል ምራቄ፣ እሳት ሆኗል ገላዬ።

"ባሕሩ በየት በኩል ነው?" አልኳት ሮዚኻንን።
ዞረች ወደ ምሥራቅ፣ ዞረች ወደ ምዕራብ፣
ሻሿን ከአፏ ገለጥ አድርጋ፣
"አላውቅም" አለች ስቃ። "ያየውም ሰው አላውቅ።
ከዚህ ወዲያ ከባሕር የት ሄዶ ሰው ይርቅ?"

መሬቱ እርሻ ይመስላል፣ ትናንት የተገመሰ፣
በሬ ሳይጠመድበት፣ ሞፈር ሳይነካው የታረሰ።
ጓሉ ሁሉ ጨው ነው። ስረግጠው ይጮኻል፣
እንደ ሸክላ ስብርባሪ ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል።
ቆንጥሬ ቀመስኩት። መረረኝ።
ለራስህ ስትል ጣፍጥ ብሎ የመከረው የለ፤
ሳይጣፍጥ፣ ሳይጣል፣ ድንጋይ ሆኖ አለ።

"አባቴ ኢመት" አለች፣ "ልጅ ሳለ ዳክዬ ያጠምድ ነበር፤
እዚህ፣ አንተ በቆምክበት፣ ጀልባ ነበረው።
ውሃው በየዓመቱ ጥቂት እርምጃ ሲሸሽ
ጀልባዋን በገመድ ስቦ ይከተለው ነበር፤
እሱ መኸር ሲሸሽ፣ ይኼ መኸር ሲከተል፣
ሚስት አገባ፣ እኔን ወለደ፣ ገመዱን ሳይጥል።
በኋላ አንድ ዓመት መጣና
የሚከተለው አጣ።
ሰማዩን አየ፣ ጨውን አየ፣ ቁጭ አለ ጀልባዋ ላይ፣
በደረቅ መሬት፣ እስኪመሽ፣ ተሳፋሪ መሳይ።

"የዚያን ዓመት ብርዱ ከፋ። ፈለጥናት።
ለዳቦ ምድጃ አነደድናት።
ጨው የጠጣ እንጨት ነበልባሉ ብጫ ነው፣ ይንጣጣል።
ዳቦው ግን ዳቦ ነበር።"

ምሽት ላይ ተመለስን። ከቤቷ ጓሮ ያለው
የዘቢብ ማድረቂያ ጎጆ፣ ግድግዳው ወንፊት የሆነው፣
ነፋሱን በየቀዳዳው እያጣራ ያስገባል።
ወይኑ ከጣራው ወርዶ በየዘለላው ተሰቅሏል፤
የረገፈው ከምንጣፍ ላይ፣ አረንጓዴ፣ ተሰጥቷል።
እፍኝ ሙሉ ዘገነችልኝ። ጣፋጩ አፌ ውስጥ ሲሟሟ
ጨው መጣ ከኋላው፤
ከከንፈሬ ይሁን ከእሷ መዳፍ፣ አልጠየቅኩም።
ከጥግ አንድ ረጅም እንጨት አነሳች፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣
ወገቡ በእጅ ብዛት የሰለለ።
እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ትከሻዋን አላላች፣
ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣
ዘቢቡን ቀዘፈች።

ፍሬው ሻ እያለ ሲገላበጥ
ከውስጥ ክፍል ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎም የሽማግሌ ድምፅ።
እሷ ሳትዞር "እሺ" አለች፣ ክንዷንም አዞረች።
"ምን አላት?" አልኩት ሳውርን።
ሲጋራውን ከአፉ አወጣ፦
"ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ድምፁን ሰምቶ ነው፤
ወደ ግራ ያዢው፣ ነፋስ አለ፣ ነው የሚላት።"