ንጹህ

"ንጹህ ነው" አለ ሐኪሙ፣ ወረቀቷን ገልመጥ አርጎ፣
ከሽንቴ ነክሮ ያወጣትን፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ።
እንደ ክብሪት ቀጥናለች፤
የስምንት ወር እሳቴን ግን፣ ነክታው እንኳ አላወቀች።

ንጹህ!
ይህን ቃል ለኔ ተዉልኝ፤ በሱ ነው በልቼ የማድረው፤
ሳልሚያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ዘጠኝ ክፍል ነው የምወለውለው።
አቧራው ከበረሃ ተነሥቶ፣ ኩዌት ቡኒ ስትለብስ፣
እመቤቴ በነጭ ሶፍት፣ የመስኮቱን ጥግ ዳብሳ፣
"ይሄስ?" ትላለች ጣቷን፣ እስካፍንጫዬ አድርሳ።
ለእብነ በረድ የሚተጋ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ማን በሰጠኝ፣
ለገላዬም "ይሄስ?" ብሎ፣ ደግሞ መልሶ የሚያየኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ፣ እሱ ነበር አስተርጓሚዬ፤
እንዴት አድርጌ ልንገረው፣ የት እንደሆነ ሕመሜ?
ከወገብ በታች ያለው ቃል፣ ከጥርሴ ኋላ ቀረና፣
"ሆዷን" ብሎ ተረጎመኝ፤ "ሆዷን" ተብሎ ተጻፈና፣
ሆዴ ታየ፣ ሆዴ ታሸ፣ የሆድ ኪኒን ተሰጠኝ።
ሆድ ይፍጀው ማለት ይኸው ነው፣ ያገሬ ሰው ቢጠይቀኝ።

ሁለተኛዋ "ውሃ ጠጪ፣ ብዙ ብዙ" ብላ መከረች።
ውሃውስ ሞልቷል፤
መጸዳጃ ቤት ስገባ ነው፣ ደቂቃው የሚቆጠርብኝ።
ሦስተኛው የሦስት ቀን ኪኒን፤ አራት ቀን ሰው ሆንኩበት፣
በአምስተኛው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ቁልፍ እንዳለው ሰው ገባብኝ።
አራተኛው ቀና ሳይል ጻፈ፦ "ጭንቀት፤ ያገር ናፍቆት።"

ናፍቆትን እኔ አጣሁት?
ናፍቆት ሽንት አያቃጥልም፣ ናፍቆት ከወገብ አይዝም፣
ሐምሌ ላይ፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣
ናፍቆት ብርድ ልብስ አያስደርብም።

"በሽታውን የደበቀ፣ መድኃኒት የለውም" ይላል ተረቱ፤
እኔ ምን ደበቅሁ? አሰጣሁት፣ እንደ ልብስ ከነስፌቱ!
የተደበቀስ መድኃኒቱ።

"ያሺማ! ያሺማ!" ይላሉ፤ ፋይሌ ላይ እንደዚያ ነኝ።
የሺመቤት ብሎኝ አባቴ፣
ሺው ቀርቶ አንዷ በዛችብኝ።

ከዚያ ሺጂ፣ የኬረላዋ፣ ደም የምትቀዳው ሴትዮ፣
ዕንባዬን ሳይሆን ወረቀቴን፣ ከላይ እስከ ታች ቆጥራ፣
"ስድስተኛሽ ነው" አለችኝ። "ማንም አላደረገም ዚራዓ?"
የሷም ዐረብኛ ስብርባሪ፣ የኔም ዐረብኛ ስብርባሪ፤
ይህቺን ግን የገበሬ ልጅ፣ አልፈለግሁም አስተርጓሚ።
ዚራዓ፤ መዝራት። ዘር። እርሻ።
ሽንቴን ሳህን ላይ ይዘሩታል፣
የተደበቀው ካለ ይበቅላል።

ታዲያስ!
አባቴ ሽምብራ ዘርቶ፣ ከመረሬው ጭቃ ቀብሮ፣
ሁለት ደቂቃ ቆሞ አይቶ፣ "የለም" ብሎ ያውቃል ዞሮ?
ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ይሄዳል፣ ይንበረከካል ለመሬቱ፤
ያልታየው ሁሉ የሌለ፣ አይመስለውም አባቴ።

ውጤቱ ማክሰኞ ነው፤ የኔ ቀን ደግሞ ዓርብ ብቻ።
ስልኬ ከእመቤቴ መሳቢያ፣ እስከ ማታ አራት ሰዓት።
ሺጂ ቁጥሯን መዳፌ ላይ፣ በብዕሯ ጻፈችልኝ፣
በበረኪና እንዳይለቅ፣ ሦስት ቀን በግራዬ ብቻ ጠረግሁ።

ይኸው ዛሬ ሰኞ ሌሊት፣ ጉልበቴን አቅፌ ቁጭ ብዬ፣
የማላየው ቤት ውስጥ ያለ፣ የማላየው ሳህን ታየኝ።
ብቀል፤ እባክህ ብቀል።
እስከ ዛሬ ጥፋልኝ ያልኩህ፣ አንድ ሌሊት ልለምንህ፦
ውጣና በዓይናቸው ታይ፤
ንጹህ እንዳልሆንኩ መስክርልኝ።