የሙሄ ግድግዳ

ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ለሳይክል ይመቻል፤
ደሴ ግን ዳገት ነው፣ ጉልበት ያስለምናል።
እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ።
ሐረጎን ስወርድ፣ ፍሬን ጨብጬ፣
ዓይኔን በአስፋልቱ ዳር ዳር አፍጥጬ፣
የወደቀ እለቅማለሁ፤
ቡሎን፣ የበግ ቃጭል፣ የአይሱዙ መብራት ስባሪ፣
አንዴም የሕፃን ጫማ። የግራ። ቀይ።

ሙሄ ጎማ ጠጋኝ ነው፣ ከጨርቃጨርቁ አጥር ሥር፤
ያመጣሁለትን ሁሉ ይሰቅላል፣ በሚስማር፣ በክር።
«ባለቤቱ ከመጣ ይወስደዋል፤
ካልመጣም አላፊ አግዳሚ ያየዋል።»

ቀስ በቀስ ሌላውም ያገኘውን አመጣ።
ዘይነባ አንድ ንጋት፣ ከማታ ፈረቃ ስትወጣ፣
ቁርጥራጭ ክር በኪሷ ይዛ
ከጎማዋ ሽቦ ጋር ጠላለፈች።
ስትነዳው፣ ጎማው የሚሽከረከር መቀነት ሆነ፤
በማግስቱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክር ለመነ።

አንዱ በስልኩ አነሳ፣ ግድግዳውንም፣ ጎማውንም፤
ፎቶው ከእጅ እጅ ዞረ፣ ዳገቱ አልከበደውም፤
ያለ ፔዳል ደሴ ገባ፣
ሰኞ ገበያን አልፎ፣ ሆጤ ድረስ።

እሁድ አንዲት ሴት ከሚኒባስ ወረደች፤
ቀዩን ጫማ ቆማ አየች፣
ብዙ ቆማ አየች።
ሙሄ ሊያወርድላት እጁን ሲዘረጋ፣ «ተወው» አለች፤
«ልጁ አድጓል፤ አሁን ኳስ ነው የሚለጋ።»
ከቦርሳዋ የቀኙን አወጣች፣
አቧራውን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤
«ይሄኛው ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር።»

ሙሄ ሚስማር አጥቶ ኪሱን ሲዳብስ፣
ዘይነባ ጎንበስ አለች፣
ከጎማዋ ክር ፈታች።