ልየው

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ደረጃው ሲወጡት በሚንቀጠቀጥ ፎቅ ላይ፣
ማኅተሙን የምይዝ፣ ውል የምጽፍ እኔ ነኝ፤
ከመስከረም ወዲህ አርባ አንድ ውል አለኝ።

ሁሉም ያው አንድ ነው፤ ስሙን ብቻ ለውጬ
አትመዋለሁኝ መስኮት ስር ተቀምጬ፦
ሃያ አንድ ቀን ሙከራ፣ ለአራት አንድ መኝታ፤
ደሞዝ አይታሰብም፤ ምሳ አለ፣ እራት ማታ፤
ጫማ ከራሱ ነው። ቢሰበር እግሩ
መታከሚያው ከኪሱ፣ መሳፈሪያው ለአገሩ።
አንቀጽ አራት ደግሞ፣ ባጭሩ፣ በደማቁ፦
“ክለቡ በሻው ቀን ያቋርጣል።”
ይፈርማሉ እያወቁ።

የቡሬው በረኛ፣ ጢሙን ተላጭቶ የመጣው፣
ሦስተኛ ዓመቱ ነው አስራ ዘጠኝ ሲሞላው፤
የዳንግላው አጥቂ አዲስ ጫማ ይዞ
አቅፎት ነው የሚተኛ፣ ማሰሪያውን በእጁ ጠምዝዞ፤
መኳንንት የሚሉት፣ የደጀኑ ልጅ፣ ደግሞ
ሦስት ክለብ ያየ ነው፣ ሦስት ውል ተሸክሞ።
“ዘንድሮስ” ይለኛል። አምናም ብሎኝ ነበር።

ምሳ ሲበሉ አያለሁ፤ ወጥ በነካ ሰሃን ላይ
በጣት መንገድ ይሠራሉ፣ ከዚህ ማርቆስ፣ ከማርቆስ ወደ ላይ፣
እስከ ከፍተኛው ሊግ።
ሰሃኑ ይታጠባል። ነገ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ፣ ገበያው ሲፈታ፣
የፈረስ ቤት አይሱዙ ድንች ሲያራግፍ ለአፍታ፣
ከጆንያው መሃል ወርዶ አንድ ቀጭን ልጅ መጣ።
ከጉልበቱ በታች ጠባሳ። “ገና ነው” አለኝ ሳልጠይቀው፤
“ጨዋታው ላይ የአጎቴ ዱላ አረፈበት።
እሩሯን ግን አልለቀቅኋት፤ ወስጄ አገባሁበት።”
“ስምህን?” አልኩት። “ልየው።” “የአባት?” “ምንይችል።”
ቁልፉ ላይ ጣቴ ቆመ፣ ሳቄን መያዝ ሳልችል፤
አሰልጣኙ ሊል ያለውን ከሃያ ዓመት በፊት
አባትና አያቱ ብለው ጨርሰውት!

በግራ ክንፍ ገባ። ሮጠ። ኳሷን እንደ እሩር
አጎንብሶ ፈለጋት፣ ዝቅ ብሎ፣ ምድር ለምድር፤
ተከላካዩ ሁሉ ዱላ የያዘ ይመስል
እየዘለለ አለፈ፣ ቅልጥሙን ሲከልል።
አሰልጣኝ ታዘባቸው ፊሽካውን ነክሶ ቀረ፤
ከማስታወሻው አዲስ ገጽ ገልጦ ጀመረ።

ሃያ አንዱ ቀን ሞላ። “ገና ነው” አለኝ አይቶ፤
“አንድ ሳምንት ልየው።” ቀኑ በነጭ ቀለም ጠፍቶ
ሌላ ቀን ተጻፈ።
ሳምንቱም ሞላ። “ገና ነው።” ደግሜ ቀባሁለት፤
በጣቴ ስዳስሰው፣ ወረቀቱም እንደሱ ጠባሳ አወጣበት።

የቡሬው ተሸኘ። የዳንግላው ጫማውን ሸጦ ሄደ።
መኳንንት ግን ፈረመ፣ ለሁለት ዓመት!
ሁለት ቦታ ፈረመ፣ አንዱ እንዳይጠፋ ብሎ።

ዓርብ ዕለት ልየው መጣ ደረጃውን ዘልሎ፦
“እትዬ አንጓች፣ ቅጂ ስጪኝ፤ አባቴ
ማንበብ አይችልም፣ ማኅተም ግን ያውቃል።”
ወረቀቱን ስፈልግ ቆሞ ጠበቀኝና፦
“አንቺስ?” አለኝ፤ “ያንቺ ውል መቼ ነው የሚያልቅ?”

ምን ብዬ ልንገረው? መሳቢያው ውስጥ፣ ከሁሉ በታች፣
“ጊዜያዊ ጸሐፊ፣ ለሦስት ወር፣ አንጓች”
የሚል ወረቀት አለ። ስድስት ዓመት ሆነው፤
ቀኑን በነጭ ቀለም ራሴ ነኝ የምደልዘው።

“ገና ነው” አልኩት።
ማኅተሙን አነሳሁ፣ ተነፈስኩበትና
አጥብቄ መታሁለት።