ግድግዳ ግድግዳ ነው

ታሪካችን ሲጻፍ እንዲህ ብሎ ይጀምር፦
ከዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤቱ በር፣
ሦስት ደረጃ ወርደህ፣ ቆርቆሮውን ገፍተህ
ሰባት ኮምፒውተር አለ፤ ስድስት ነው የሚሠራልህ።
እኔ ሰዓት ያዥ ነኝ፣ ደቂቃ ቸርቻሪ፣
በሃያ አምስት ሳንቲም የጊዜ መንዛሪ።
ባለቤቱ ሸምሱ ሕግ የሚባል አያውቅም፤
«ከፍላችሁ ተጋደሉ፤ ሌላው አይገባኝም።»

ሕግ አውጪያችን ማን ነው? መብራት ኃይል ይባላል።
ሐምሌ ነው፤ ጣሪያውን ዝናብ ይነርተዋል፤
ግራው ረድፍ ጠፋ፤ ቀኙ ረድፍ ይበራል፤
ፌዙ ሁለት ነዋ፣ ኤሌክትሪክ ይቀልዳል።
የካሚል ወታደር በር ላይ ቆሞ ቀረ፣
ባለቤት እንደሌለው በቅሎ ተገተረ።
ኤፍራታ ከፊቱ፤ አንድ ጥይት በቂ፤
እኛ ከኋላዋ፦ «በይው! ምን ትጠብቂ?»
እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረች፤
«ሰውየው የለም እኮ፣ ማንን ልግደል?» አለች።

ይኸው ነው መነሻው። ጉባኤ አልነበረም፣
ማኅተም፣ ፊርማ የለም።
መብራቱ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ሙሉ
ስድስት እጆች ጭን ላይ ዝም ብለው ዋሉ።
እኔም ያችን አርባ አልመዘገብኳትም፤
ሸምሱ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቀብኝም።

ከዚያ መስመር ገባ፤ ቢቀጥንም፣ ቢቆራረጥም
ከካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከአምባሳደር ማዶም
ያለ ፊት ተዋወቅን፣ በድምፅ፣ በቅጽል ስም።
«የሰባራ ባቡር ነብር» ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤
«ዝምተኛው ሞት» ያልነው የሒሳብ መምህር።

ይርዳው የሚሉት ልጅ ከእሪ በከንቱ መጣ፤
ገና ብቅ ሳትል ጥይቱ ቀድሞ ወጣ።
«ተሰጥዖ ነው» አልን፤ እኔም አጨበጨብኩ፤
አንድ ቀን ሒሳብ ልቀበል ከጀርባው ቆምኩ፦
ግድግዳው ላስቲክ ሆኗል፤ ከበስተኋላው
የተሸሸገ ሁሉ ራቁቱን ነው።

ዳቦ ጋጋሪው «ስሙ ይፋቅ» አለ።
መምህሩ ድምፅ ቆጠረ፤ ሁሉም ቸኮለ።
ኤፍራታ (ጅማ ነበረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣
ድምፅዋ ሦስት ቃል እየዘለለ)
«ይቀመጥ» አለች። «ግን ዳኛ ይሁን።
በግድግዳ የሚያሳልፍ ዓይን
ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለን?»
ሁለት ዓመት ዳኘ፤ አንድም አጭበርባሪ አላመለጠው።
እሱ ግን አልተኮሰም፤ ማንም ሳይከለክለው።

የደብተሬ ሽፋን ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
ከሸምሱ ዕዳ ሥር፣ ጽሑፉ ተንጋዶ፦
መብራት የጠፋበት ይጠበቃል።
የተሸነፈ አይሰደብም፤ እናቱም።
ግድግዳ ግድግዳ ነው።

ሰፈሩ የፈረሰ ዕለት እዚያው ቆሜ ነበር።
ስካቫተሩ መጣ፤ እንደ ግመል ጎንበስ አለ፣
አንዴ ነከሰና ቀና አለ።
የሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ የሸምሱ ጓዳ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው አልጋ፣
ሰማያዊ ቀለም፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣
የሴት ነጠላ ጫማ፣ አንድ እግሩ ብቻ።
ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ እስከ ወንዙ ድረስ አየሁ።
ይርዳው ከጎኔ ነው፤ ራሱ ተመልጧል፤
ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል።
«አትይ» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ግድግዳ ግድግዳ ነው።»

የዚያን ዕለት ሌሊት ከያለንበት ገባን፣
ከገላን፣ ከአራብሳ፣ ከአያት ኮንዶሚኒየም።
ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ሰው።
ሳንጀምር አንዱ ተቆረጠ፤
የዳቦ ጋጋሪው ወታደር ደጃፍ ላይ ተገትሮ ቀረ።
እጃችንን አነሳን።
ስንት ደቂቃ እንደቆየን
አልያዝኩም።