ደንገጎ ደርሶ መልስ

«አቦ ቁረጠውና ገላግለን!» አለኝ የኢፍቱ ሹፌር፣
ቁልፉን ዘይት በጠጣው ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ።
ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ብጫ መብራት፣
ሳጥን መሳይ፣ ሆዷ ነጠብጣብ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን አልጨፈነችም።
ፒካፗ ደጄ ቆማ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤
ገና በአራት ዓመቷ።

ከቀፊራ ታይዋን፣ ከታይዋን ከዚራ፣
ሙሉ ቀን ስትቆም፣ ሙሉ ቀን ስትሠራ፣
ሹፌሩ እንዳይሞቀው ሞተሯ አይጠፋ፣
ጥላሸት ሰብስባ ሆዷ እየተነፋ።
የምታዞረው የታሸገ ውሃ ነው፤
እሷን ግን ከውስጥ ያጠባት የለም።

«ሁለት ሰዓት አይፈጅም» ይላል ሙክታር፣
«ማርሚታውን በፍሌክስ ክፈት፣
ያንን የማር እንጀራ የመሰለ ነገር አውጥተህ ጣል፣
መልሰህ በይድ።
ለኮምፒዩተሩ የሚዋሽ ልጅ ሳቢያን አለ።»
የእጄን ዋጋ ሦስት እጥፍ ቆጥሮ አስቀመጠ።

ቆርጬ አውቃለሁ፣ አልዋሽም።
አምና ብቻ ስድስት፤
የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ከስድስቱ አንዱ ነው።
ያን ቀን ግን ሮብሌ የሴንሰሩን ቧንቧ ነቀለና
ጣቱን በነጭ መሐረብ ጠረገ።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሎኮሞቲቭ ጭስ ሥር ያጎነበሰ።
ማታ ደቻቱን ተሻግሮ ሲመጣ
ሳሉ ቀድሞ ይገባል፣ እሱ ይከተላል።
እናቴ መሐረቡን ለብቻ ነበር የምታጥበው።
ያኔ ማጣሪያ አልነበረም ይላሉ፤
ነበረ እንጂ፣
የአባቴ ሳንባ።
እሱን የሚያጸዳ ጋራዥ ነው የታጣው።

«ገንዘብህን አንሳ» አልኩት፣ «ግባ፣ ልንሄድ ነው።»
ዘይቷን ቀየርኩ። የዩሪያ ጋኗ ባዶ።
ሙክታር ሳቀ፦ «ማዳበሪያ አለቀባት? ማሽላ ልትዘራ ነው?»
ከሰማያዊው ጀሪካን ሞላሁላት፤
ስቆ ሲጨርስ ሞተሩን አስነሳሁ።

በሦስተኛ ማርሽ አቀበት አቀበት፣
ሳል እንደያዘው ሰው ደረቷ እስኪከፈት፣
መርፌው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ላይ ተቸክሎ፣
የወር ጥላሸቷ አመድ እስኪሆን ተቃጥሎ።
ስድስት መቶ ዲግሪ ከወለሉ ሥር፣
የጋለ ብረት ሽታ፣
ከኋላ ሮብሌ ከባዶ ጀሪካን ጋር ይንገጫገጫል።
ሙክታር የበሩን እጀታ ጨብጦ
«አይፈነዳም?»
«አይፈነዳም።»
«ወላሂ በል።»
ድሬ ከታች በአቧራዋ ውስጥ ትሟሟለች።

ደንገጎ ጫፍ፣ ብርዱ ክንዳችንን ሲነካን
መብራቷ ሳትሰናበት ጠፋች።

ጭስ ማውጫው እስኪበርድ ጠበቅኩ።
የሮብሌን መሐረብ ንጹሕ ጫፉን ሰድጄ፣
አዙሬ አወጣሁት።
ነጭ።
አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
ለማን እንደማሳየው ሳላውቅ።

ኢፍቱ ሒሳቡ ላይ ተከራከረችኝ፦
«መኪናዬን ለሽርሽር ወስደህ ታስከፍለኛለህ?»
ቀነስኩላት። ከዚያ በደረሰኙ ጀርባ ጻፍኩ፦
«አርብ አርብ፣ ደንገጎ ደርሶ መልስ። ቀስ ብሎ አይደለም።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው።
ቀና ብላ ተራራውን አየች፤
ከሱቋ ከወጣች ስንት ዓመቷ እንደሆነ እንጃ።
«ይሄ» አለችኝ፣
«ለመኪናዋ ነው ለእኔ?»