ማንኪያ

አምስት ሴቶች፣ ስድስት አልጋ፤ ስድስተኛው የሻንጣ ማኖሪያ።
አንድ ትሪ ነበረን፣ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣
ስንት ሹሮ፣ ስንት ሐሜት፣ ስንት የፈተና ሌሊት ያለፈ።

ዱሬቲ ከአሳሳ፣ ሰናይት ከአክሱም፣ ትርሲት ከሸዋሮቢት፣
ትህትና ከቦንጋ፣ የአገሬ ልጅ፣ የጎረቤት።
"ከየት ነሽ?" ሲሉኝ "ከካፋ" እላለሁ፤ አልዋሸሁም፤
"የማን ልጅ?" ለሚል ግን ካፋ ብቻ አይበቃም።

ሀዋሳ ደግ ናት። ባጃጅ ነጂው ዘር አይጠይቅም፣ ሂሳብ እንጂ።
አሞራ ገደል፣ አባ ኮዳው እንኳ
ለዓሣ አንጀት ሲሻማ፣ የጣለውን እጅ አይመረምርም።

ሐሙስ ከሰዓት መምህሩ ፕሮጀክተሩን ለኮሰ፣
"ብዝኃነትና መገለል" ግድግዳው ላይ ፈሰሰ።
ቀጥሎ ፎቶ፦ ጭጋግ፣ የጫካ መንገድ፣ የከሰል ጆንያ፣
ከጆንያው ሥር የጎበጠ ሰው።
"ማንጃ ይባላሉ" አለ፣
"ዛሬም ከሌላው ጋር ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም።"
አይቀርቡም አለ እንጂ፣
ማን እንዳላቀረባቸው አላለም።
ሁሉም ጻፈ። እኔም ጻፍኩ፤ ፈተና ላይ ይመጣል፣
ስለ አባቴ ጀርባ አምስት ማርክ ይሰጣል።

"ጥያቄ?" ሲል እጄ ሳልልከው ተነሣ።
"ሰውየው ስም አለው" አልኩ። "ወዳጆ ይባላል።
ጉልበቱን ያመዋል። አጎቴ ነው።"
ክፍሉ ዝም። ፕሮጀክተሩ ብቻ ያጉረመርማል።

ማታ ትሪው ቀረበ፤ እንደ ወትሮው ከበብን።
ትህትና ዘግይታ መጣች፣ እጇን ታጠበች፣
ከሻንጣዋ ማንኪያ አወጣች።
"ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?" አለች ዱሬቲ፤ ተሳቀ።
እሷም ሳቀች። እኔም።

የማንኪያው ጫፍ ሲንቀጠቀጥ ግን እኔ ብቻ አየሁ።
እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ የእናቷ ደጅ ነበር፤
አባቴ ከሰሉን አውርዶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣
ጽዋቸው እንዳይረክስ
በኮባ ቅጠል ውሃ ሲጠጣ።

ልቆጣ ነበር፤ አልመጣልኝም።
ወባ የጣለኝ ሌሊት ፌስታል ይዛ
ግንባሬን ስትደግፍ ያነጋችው እሷ ናት።
እጅ ግን ከልብ ቀድሞ የተማረው አለ፣
ዲግሪ ያልዘለቀው።

ጠቀለልኩ። ትልቅ አደረግሁት፣ ሹሮው እስኪተርፍ።
"እንቺ" አልኳት።
ሦስቱ አኝከው አቆሙ። ውጭ ጄኔሬተሩ ተነሣ።
ማንኪያው በእሷ እጅ፣ ጉርሻው በእኔ፤
ከንፈሯ ሊከፈት ነው፣ ወይም ሊናገር፣
እጄ አየር ላይ ነው፣
ሹሮው በክንዴ እየወረደ፣
ክርኔ ደርሷል።